ስድስቱ የተሰረዙ መስመሮች

ወንድሜ ወረቀቱን ኮቱ ኪስ ውስጥ ትቶ የሄደው አንብቦት ነው ወይስ ሳያነበው? ይህን ጥያቄ ይዤ ሦስት ዓመት ኖርኩ፤ መልሱን ዛሬም አላውቅም።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ልብስ እየሰፋሁ ታናሽ ወንድሜን አስተማርኩ። እሱ ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ተራው የኔ ሆነና ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። የተማርኩትን ሁሉ እንደ ስፌት ነው የማየው፤ የተዛነፈ ነገር ካገኘሁ ሳልተረትረው አላልፍም።

እሱ ሥራ ፍለጋ በየጠዋቱ አየር ጤና ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ እዚያ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ። ከሰልባጅ ገዝቼ በልኩ ያጠበብኩለትን ኮት ለብሶ ይወጣል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ምን ተገኘ ስንለው ይቀልዳል። ዜሮ ዓመት ልምድ ነው የሚፈልጉት፣ እኔ ሥራ በመፈለግ የሁለት ዓመት ልምድ ስላለኝ አልሆንም፣ ይላል።

አንድ ቀን የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። የዲግሪው ፎቶ ኮፒ ነው፤ ጀርባው ላይ ግጥም ጽፏል።

"እታለም፣ እስኪ አርሚልኝ" አለኝ። "እንዳትራሪልኝ ደግሞ።"

አልራራሁለትም።

ጠዋት ወጣሁ።
ቆሜ አነበብኩ።
የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት።
ቆሜ አነበብኩ።
ዜሮዬን ይዤ ተሰለፍኩ።
ቆሜ አነበብኩ።
ያልቆመው ተቀጠረ።

እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቤት አይመታም፤ ምጣኔው የተዘበራረቀ ነው። "ቆሜ አነበብኩ" የሚለውን ስቆጥረው ሰባት ጊዜ መጣ። አንዱን ትቼ ስድስቱን በእርሳስና በማስመሪያ ሰረዝኳቸው፤ ጠርዙ ላይ "አላስፈላጊ ድግግሞሽ" ብዬ ጻፍኩ። "ያልቆመው ተቀጠረ" ከሚለው አጠገብ ደግሞ "ግልጽ አይደለም"። እጄ ንጹሕ ነበር፣ አንድ ሰረዝ እንኳ አልተጣመመም።

ወረቀቱን ስመልስለት ሳይከፍተው ኪሱ ከተተው። በኋላ አየዋለሁ አለኝ። አሥር ቀን ሳይሞላ ከአንድ ጓደኛው ጋር ወደ ሱዳን ተነሣ፤ እኛ የሰማነው መተማ ደርሶ ሲደውል ነው። እናቴ ኮትህን እኮ ረሳኸው አለችው። እዚያ ኮት የሚጠይቀኝ የለም አላት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጠርቶ አያውቅም።

ባለፈው ወር መምህራችን ስለ አንድ ሥራ አጥ ሰው የተጻፈ ዘመናዊ ግጥም አምጥቶ እንድንተነትነው አዘዘን። ያም ቤት አይመታም። አንዲት መስመር ደግሞ እየተመላለሰች ትመጣለች። ለምን ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ። እኔ መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ጸሐፊው ስላልተጠነቀቀ ነው ልል ነበር። ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ ቀደመችኝ።

"ሰውየው በየቀኑ ስለሚሄድ ነዋ፣ ቲቸር።"

መምህሩ በቃ ይኸው ነው ብሎ ወደ ሌላ ስንኝ አለፈ። እኔ ግን ከዚያ መስመር ሳላልፍ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ማስመሪያዬን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እናቴ እሑድ እሑድ የወንድሜን ኮት አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ማንበብ ስለማትችልና ማኅተም ስላየችበት፣ ወረቀቱን ማስረጃ ነው ብላ በጥንቃቄ አውጥታ በጥንቃቄ ትመልሰዋለች። ያን ቀን እጇን ያዝኳት።

"እማዬ፣ እሱ ማስረጃ ብቻ አይደለም። ጀርባው የሱ ግጥም ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

አንብቢልኝ አለችኝ። ከሰረዞቹ ሥር ያሉትን ሳልዘል፣ ሰባቱንም "ቆሜ አነበብኩ" አነበብኩላት። ስጨርስ ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ እጅጌውን አጠፈች። ስለ እርሳሴ ምንም አልጠየቀችኝም።

"ቆሞ ነበር እንዴ የሚውለው?" አለች በመጨረሻ። "እግሩ ሲያብጥ እኔን ጫማው ጠበበኝ ነበር የሚለኝ።"