ነፋስን የምትከተል ጋሪ

በሰሜን አትላንቲክ ባሉት የፋሮ ደሴቶች፣ የምዕራብ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የቱሪ የቋንጣ ማድረቂያ ጎጆ ጠረን መንደሩን ያዳርስ ነበር። ጎጆዋ ከቤቷ በስተ ምዕራብ፣ ከባሕሩ አፋፍ ላይ የቆመች፣ በሳንቃዎቿ መካከል ነፋስ እንዲያልፍ ተብላ የተሠራች ናት። ወንዶቹ ዓሣ ነባሪ ወደ ዳርቻው ነድተው ባረዱ ሰሞን ሥጋው ያለ ገንዘብ ለየቤቱ ይካፈላል። ቱሪ ድርሻዋን ዘልዝላ ትሰቅላለች፤ የቀረው የነፋስ ሥራ ነው። ብርዱ ሲጠና፣ እንደ ከሰል የጠቆረውን ቋንጣ በስሱ ቆራርጣ ከትኩስ ድንች ጋር ታቀርባለች። በቤቷ ነፍሰ ጡር ካለች የመጀመሪያዋ ቁራጭ የእሷ ናት። ቱሪ ራሷ ልጇን ራንቫን ባረገዘች ጊዜ፣ አማቷ ያቺን ቁራጭ በእጃቸው ሰጥተዋታል።

ዓመታት አልፈው አንዲት ሐኪም ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት መጣች። እሷም በዚሁ ቋንጣ ያደገች የማዶው መንደር ልጅ ናት። ከፋብሪካ የሚወጣው ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ብረት ባሕር ገብቶ፣ ትልቁ ዓሣ ትንሹን እየዋጠ፣ በመጨረሻ በዓሣ ነባሪ ሥጋ ውስጥ እንደሚከማች ለተሰበሰበው መንደርተኛ ተናገረች።

«ለአዋቂም አይበጅም፤ የሚብሰው ግን በማኅፀን ላለው ነው። አንጎሉን ይጎዳዋል።»

«እና እኛ በልተን ያደግነው ደነዝን?» አለ ሃኑስ፣ የቱሪ ባል ወንድም።

«ሃኑስ፣ አንተ እንኳ ምስክር ሆነህ ባትቀርብ ይሻል ነበር» ብትለው ቱሪ፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሳቁ በኋላ ግን የሐኪሟ ቃል አልለቃት አለ።

በዚያው ዓመት ራንቫ ሆዷ ገፍቶ፣ ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት መጣች። የምዕራብ ነፋስ ነፈሰ። ራንቫ ከደጃፉ ቆማ አየሩን በረጅሙ ሳበችው።

«እማዬ፣ ቋንጣሽ ደርሷል! አንዲት ቁራጭ ብቻ።»

«የበግ ሥጋ አለልሽ።»

«በግ አላማረኝም። ልጇን አምሮት ገደላት ሲሉሽ ደስ ይልሻል?»

«የሚሉት አያረግዙልሽም።»

ራንቫ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። ቱሪም ብትሆን፣ አማቷ የሰጧት ቁራጭ ጣዕም እስካሁን ከምላሷ አልጠፋም። ጎጆውን ልትቆልፈው ትችላለች፤ ጠረኑን ግን በምን ትቆልፈው?

በማግሥቱ ቋንጣውን በሙሉ አውርዳ፣ በእጅ ጋሪ ጭና፣ በመንደሩ መካከል እየገፋች በምሥራቁ ጫፍ ካለው ከሃኑስ ጎጆ አደረሰችው፤ ከዚያ የምዕራቡ ነፋስ ጠረኑን ወደ ቤቷ አያመጣውም።

«ወደ ባሕሩ አትጥይውም?» አላት።

«የሰጠንን መልሰን ፊቱ ላይ? ነውር አይደለም እንዴ!»

«እሺ፤ የምሥራቅ ነፋስ ሲነሣስ?»

«መልሼ እገፋዋለሁ።»

እውነትም ገፋችው። ነፋሱ ሲዞር ጋሪዋም ይዞራል። ወንዶቹ ጀልባ ከማውጣታቸው በፊት «ቱሪ ዛሬ ወዴት ናት?» ይባባሉ ጀመር። እሷም «እናንተን ወደማላይበት!» እያለች ታልፋለች።

አንድ ቀን በዝናብ፣ ጋሪዋ ጭቃ ይዟት ስትታገል ራንቫ በመስኮት አየቻት። ወጥታ ከጎኗ ቆመች። ጠረኑ በአፍንጫዋ ሥር ነበር።

«ተይው እማዬ። ወደ ጎጆሽ ይመለስ። ከእንግዲህ አያምረኝም።»

ቱሪ የልጇን ዓይን አየች፤ ውሸት ነበር። «ጎበዝ» አለቻትና ቋንጣውን ወደ ጎጆዋ መለሰች። ራንቫ እስክትወልድ ድረስ ወደ ጎጆው በር ዝር አላለችም።

አሁን ቱሪ በጎጆዋ የምትሰቅለው ኮድ የሚባለውን ዓሣ ብቻ ነው። አሮጌው ሳንቃ ግን የድሮውን ጠረን አልረሳም። የምዕራብ ነፋስ ሲነሣ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች፤ የልጅ ልጇ በጋሪዋ ውስጥ ሆና «ግፊኝ!» እስክትላት ድረስ።