ሁለቱ መኪኖችና የአባቴ ግራ እግር

ደባርቅ ያለው ግቢያችን የሚይዘው አንድ መኪና ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ከአጥሩ ውጭ ታድራለች፤ ጠዋት ከመስታወቷ ላይ ውርጩን የምፍቀው እኔ ነኝ። ሁለቱም አውቶሞቢሎች ናቸው፤ ሁለቱም ወደ እኛ የመጡት ሌላ ሰው ከጠገባቸው በኋላ ነው። ብርማዋን ከአንድ የጎንደር ነጋዴ ገዝተን ስድስት ዓመት ነዳናት። ጥቁሯን ባሌ አምና ከአዲስ አበባ አመጣት። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይሄድባት የነበረች ናት። የኋላ ወንበሯ ቆዳ ነው፤ መስኮቷ መጋረጃ አለው፤ በሯ ሲዘጋ እንደ ብርማዋ አይጮህም።

«አንዷ መሸጥ አለባት» አለኝ ባሌ። «የትኛዋ እንደሆነች አንቺ ወስኚ። አራሚ አንቺ ነሽ።»

አራሚ የሚለኝ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስለምሠራና ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ሳይቀር የፊደል ግድፈት ስለምለቅም ነው። ቀልዱን ቁም ነገር አድርጌ ደብተር አወጣሁ። ገጹን መሃል ለመሃል አሰመርኩና በግራ ብርማዋን፣ በቀኝ ጥቁሯን ጻፍኩ።

ደብተሩን ያስወጣኝ ግን የአባቴ እግር ነው። አባቴ ዳባት አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ቄስም የቅኔ መምህርም ናቸው። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ፤ ፊደል የለየሁት ማንም ሳይጠራኝ ከተማሪዎቹ ጀርባ ተቀምጬ ነው። አስኳላ የገባሁት ሃያ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነበር። የኔታ አሁን የስኳር ሕመም አለባቸው። በግራ ተረከዛቸው የወጣው ቁስል ጎንደር ሆስፒታል በየሳምንቱ መታየት አለበት። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ «ክትትሉን ካቋረጡ እግራቸውን ላናተርፈው እንችላለን» ብላኛለች። ዕድሜ ልካቸውን ማኅሌት የቆሙበት እግር ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ እሳቸውን የቷ ትሻላቸዋለች?

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በብርማዋ ወሰድናቸው። ጠዋት ስትነሳ ታስላለች፤ ወንበሯ ደረቅና ከፍ ያለ ነው፤ ጉድጓድ ሁሉ ጀርባ ድረስ ይሰማል። በሯ በሰፊው ይከፈታል ብዬም ጻፍኩና፣ ምን እንደሚጠቅም ስላልገባኝ በቅንፍ ዘጋሁት።

የኔታ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ አያልፉም። ሌላው ተሳፋሪ ከመስኮቱ ሆኖ ያማትባል፤ እሳቸው መኪና ያስቆማሉ፣ ይወርዳሉ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሦስት ጊዜ እጅ ይነሳሉ። ከዳባት እስከ ጎንደር ከመንገዱ የሚታዩትን ስቆጥር ሰባት ደረሱ።

«አባታችን፣ በዚህ አካሄድ ጎንደር የምንገባው ለፋሲካ ነው» አላቸው ባሌ።

«ታዲያ ከዚያ የተሻለ ምን ቀን አለ?» አሉት።

ቀጥሎ ሦስት ሳምንት በጥቁሯ ሄድን። በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፤ መንገዱን ታለዝበዋለች። ዳባት ገበያ ዳር ስንደርስ ሰው ከተቀመጠበት ተነሳልን። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እንዲያውም ወደ መስኮቱ ተጠግቶ «ጌታዬ፣ የማዳበሪያው ነገር...» ብሎ ጀመረና ከመጋረጃው ኋላ ጥምጥም አየ። «እንዴ፣ አባ ነዎት! እንግዲያስ መስቀሉን ያሳልሙኝ።» ባሌ ከሳቁ የተነሳ መሪ ሊስት ነበር። የኔታ አሳለሙት፤ አልሳቁም። ቤተ ክርስቲያን ስናልፍም አቁሙልኝ አላሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወንበሩ ውስጥ ሰጥመው፣ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። እኔ ደብተሬ ላይ «ተመችቷቸዋል፤ ይተኛሉ» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ቁስሉን ፈትታ «መድረቅ ጀምሯል፤ ምን አደረጋችሁለት?» አለች። ጥቁሯ አሸነፈች አልኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ደብሩ ስንደርስ የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጀ ሰላሙ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ አልሄድም።»

«ምነው የኔታ? አሞዎት ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«መኪናዋ ምን አጠፋች?»

«መኪናዋማ መልካም ናት። እግዜር ይስጥልን።»

የዚያን ሳምንትም፣ የሚቀጥለውን ሳምንትም ቀሩ። ደብተሩን ከፍቼ ብመረምር መልስ የለውም። ጥቁር ቀለም የኀዘን መስሏቸው ነው? ገበያው ስለተነሳላቸው ነው? «ቆዳው የጾም አይደለም ብለው ይሆን?» አለ ባሌ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። የሚደርቅ ቁስል፣ የማያንገጫግጭ ወንበር፣ አልሄድም የሚል ሰው፤ ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ አልገጥም አሉኝ።

በመጨረሻ ራሴ እሳቸው በሚቀመጡበት የጥቁሯ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጃንጥላዬን እንደ መቋሚያ ያዝኩ። ባሌ ከዳባት ወጣ ብሎ የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ጋ አቆመ።

«ውረጂ» አለ።

ግራ እግሬን መሬት እንዳይነካ ከፍ አድርጌ ልነሳ ብል ወንበሩ መልሶ ዋጠኝ። ጃንጥላዬን ተክዬ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ ከወገቤ በላይ ሆኖ እንቢ አለ። ባሌ ዘወር ብሎ አየኝና መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ወርዶ እጄን ይዞ አነሳኝ።

የኔታ አልተኙም ነበር። መውረድ አቅቷቸው፣ ደግፉኝ ማለት አፍረው፣ ሰባቱንም እየተማጸኑ ነበር የሚያልፉት።

አሁን ገባኝ ልል ስል ይበልጥ ተደናገርኩ። ቁስሉ መድረቅ የጀመረው ጥቁሯ ስላላቆመቻቸው ነው። ብርማዋ ደግሞ ሰባት ጊዜ አውርዳ በዚያው ተረከዝ ታቆማቸዋለች። እግራቸውን የምታተርፈው መኪና እሳቸው የማይሳፈሩባት ሆነች። ይህን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?

ከቀሩ በሦስተኛው ሳምንት በብርማዋ ልንወስዳቸው ሄድን።

«የኔታ፣ ጥቁሯ ልትሸጥ ነው» አልኳቸው።

«ምነው፣ ያችን የመሰለች?»

«አታስወርድዎትማ።»

ወደ መሬት አዩ። ማወቄን አወቁ።

«ግን ሐኪሟ አይቁሙ ብላለች» አልኩ። «በሩን ልክፈትልዎት፤ እግርዎን ወደ ውጭ አውጥተው ተቀምጠው ይሳለሙ።»

«ተቀምጬ! ተማሪውን ተቀምጠህ አትሳለም እያልኩ ስቆጣ ኖሬ?»

ለየኔታ መልስ መልሼ አላውቅም። «እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነው የተማርኩት» አልኩ። «ማንም ተነሺ አላለኝም። ግን ትምህርቱ ደርሶኛል።»

መቋሚያቸውን አነሱና ወደ መኪናዋ ሄዱ።

በመጀመሪያዋ ደጅ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ከፍ ባለው ወንበር ላይ ዞር ብለው፣ ግራ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነሱ። እንዲህ እያሉ ስድስቱን አለፉ። ሰባተኛዋ ጋ ስንደርስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ብድግ አሉ። እጅ የነሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሩን እንደያዝኩ ጠበቅኋቸው።

ሐኪሟ ስለቀሩበት ሁለት ሳምንት ተቆጣች፤ ቁስሉን አጥባ «እንዳለ ነው። አልባሰም፣ አልተሻለም» አለች። ለዚህ ነጥብ መስጠት አልችልም። ከመባስ ያቆየው መቀመጣቸው ነው ወይስ መዳኑን ያዘገየው መቆማቸው፣ እስከዛሬ አላውቅም። ጥቁሯን ደባርቅ ለሰርግ መኪና የሚያከራይ ሰው ገዛት።

የዚያን ቀን የኔታን ደጃቸው አድርሰን ስንመለስ ባሌን በመስኮቱ ጠሩት።

«ለሚመጣው ሳምንት በስንት ሰዓት ነው የምትደርሱ?»

«በአንድ ሰዓት፣ አባታችን።»

«በአሥራ ሁለት ኑ። መንገዱ ማቆሚያ ይበዛበታል።»

ማታ ደብተሬን አውጥቼ የበሩን ነገር ከቅንፉ አወጣሁት።