ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጽጌ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ስትመልሰኝ፣ ደብረ ብርሃን አደባባይ ላይ መሪውን በጠመዘዘች ጊዜ ከመኪናዋ ግርጌ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አባባ፣ ከኋላ የተጋደመው መቋሚያዎ ነው» አለችኝ፣ ዐይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ።

መቋሚያዬን ስቤ ጭኔ ላይ አጋደምሁት። ይህን የመሰለ ፍርድ ከዚህ ቀደም ሰምቼ ነበር፤ ያን ጊዜ የተከሰሰው ጸናጽል ነው።

ገና የድጓ ተማሪ ነበርሁ። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ መምህራችን የኔታ እኔንና አራት ጓደኞቼን አስከትለው ለማኅሌት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ተጠሩ። በዚያ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ዋዜማውን እንድመራ ተፈቅዶልኛል። እናቴ ይህን ለመስማት ከገጠር በእግሯ ወርዳ እዚያው አንኮበር ትጠብቀኛለች። ሌሊቱን የመታው ውርጭ ገና ከማሳው አልለቀቀም፤ የታጨደው ገብስ በነዶ በነዶ ቆሞ ከላዩ እንፋሎት ይነሣል። ከበሮውንና ጸናጽሉን ከጓደኞቼ ጋር በአሮጌ ፒካፕ ከኋላ ጭነን፣ የኔታና እኔ ጋቢና ገባን። ዐይናቸው ደክሞ ስለ ነበር እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ይጓዙ ነበር።

ሾፌሩ ጋሽ ማሞ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ከከተማ ወጥተን በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሲሰማ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ፦

«እናንተ ደቀ መዛሙርት! ጸናጽሉን እቀፉት እንጂ! ማኅሌቱን ከመንገድ ጀመራችሁት እንዴ?»

ጓደኞቼ ጸናጽላቸውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቀፉ። በሚቀጥለው ኩርባ ግን ድምፁ ተመልሶ መጣ።

«እንግዲያው ከበሮው ነው» አለ ጋሽ ማሞ። «እሱም ካልሆነ ክፉ መንፈስ ነው፤ ሚካኤል ደጅ ስንደርስ ጮኾ ይወጣል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ጸናጽል ቅጭልታው ቀጭን ነው፤ መንገዱ ባናወጠው ጊዜ ሁሉ ይሰማል። ይህ ወፍራም ነው፤ የሚሰማውም ወደ ግራ ስንታጠፍ ብቻ ነው። ደግሞም ከጎማው ዙር ጋር እየተመዘነ ይወድቃል፤ መኪናው ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል። ጆሮዬ ይህን ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ ለይቶታል። ነገር ግን ብናገር እንቆማለን፤ ብንቆም እንዘገያለን፤ ብንዘገይ ዋዜማውን ሌላ ሰው ይመራዋል። ስለዚህ ዝም አልሁ። ለዝምታዬም ምክንያት አበጀሁለት፦ «ተማሪ ስለ መኪና ምን ያውቃል?»

ምድሩ ተቆርጦ ቆላው ከሩቅ በሰማያዊ ጉም ከሚታይበት አፋፍ ደረስን። መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ በስተቀኝ ገደል ነው። የኔታ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ እጃቸው ግን ትከሻዬን አልለቀቀም። ያ እጅ ከጭነቱ ሁሉ ይልቅ ከበደኝ።

«ጋሽ ማሞ፣ ስለ ሚካኤል ብለህ አቁም! ጸናጽሉ አይደለም። ከፊት፣ ከቀኙ ጎማ ነው።»

አቆመ። ወርዶ ጎማውን በእጁ ሲወዘውዘው ጎማው ተወዛወዘ። ጎማውን ከሚያስሩት አምስት ዳዶዎች ሁለቱ የሉም፤ የቀሩትም በጣት ይዞራሉ። ጋሽ ማሞ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ቀልዱም ጠፋ።

«ጠዋት ወደ እናንተ ስመጣ ጫጫ ላይ ጎማ ቀይሬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በክሪክ እንደ ተሰቀለ አሰርሁት፤ ካወረድሁት በኋላ ደግሜ ማጥበቁን ረሳሁት። ወደ ግራ ስንታጠፍ ክብደቱ ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።»

ከኋለኞቹ ጎማዎች አንዳንድ ዳዶ ፈትቶ የጎደለውን ሞላ፤ ሁሉንም በክሪክ ላይ ሳለ አንድ ጊዜ፣ መሬት ሲነካ ሁለተኛ ጊዜ አጠበቀ። እኛ በሶአችንን በጥብጠን ጠጥተን ሳንጨርስ ሥራው አለቀ። ያን ያህል የፈራሁት መዘግየት ይህ ብቻ ነበር።

የኔታ ነቅተው ሁሉን ሰሙ።

«ድምፁን የለየኸው መቼ ነው?»

«ከከተማ እንደ ወጣን፣ የኔታ።»

«በጉባኤያችን ስሕተት ሰምቶ ዝም ያለ ምን ያደርጋል?»

«ከተሳሳተው ጋር ከመነሻው ይደግማል፣ የኔታ።»

«መልካም። ዛሬ ትሰማለህ፤ ነገ ትመራለህ።»

የደረስነው ደወሉ ሲደወል ነው፤ ጊዜው አላለፈንም ነበር። ዋዜማውን ጓደኛዬ መራ፤ እኔ ጭንቅላቴን ደፍቼ ሰማሁ። እናቴ ግን ነገሩን ብነግራት አልተቆጣችም፤ «ከገደል የተረፈ ልጅ ነገም ይዘምራል» ብላ አደረች። በማግሥቱ እየሰማችኝ መራሁ። ጋሽ ማሞም ከቅኔ ማኅሌቱ ደጅ ቆሞ፣ ጸናጽሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በዐይኑ ይጠቅሰኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳስብ ጽጌ ሌላ መታጠፊያ ደረሰች። መቋሚያው ጭኔ ላይ ነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ግን አልቀረም።

«ልጄ፣ ወደ ጋራዥ ንጂ። ወደ ግራ ስትታጠፊ ብቻ ነው የሚጮኸው።»

መካኒኩ ከመኪናው ሥር ገብቶ ወጣ። የቀኙን ጎማ የሚያዞረው ብረት መጋጠሚያው ላይ ሽፋን ላስቲኩ ተቀድዶ፣ ግራሶው ፈስሶ አልቋል። በጊዜ ስለ መጣ እንደሚድን ነገረን።

«ድምፁ መቼ ጀመረ?» ብሎ ጠየቀ።

ጽጌ «ዛሬ» አለች።

እኔ መቋሚያዬን ተደገፍሁ። ሰው ስንት ዓመት ቢማር የሚስተው ያንኑ የድሮውን ነው፤ ደግነቱ፣ ከመነሻው መድገም በእርጅናም አይከለከልም።

«ትናንት ነው» አልሁ። «ትናንትም ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰምቼው ነበር። ቅዳሴ እንዳይረፍድብኝ ብዬ ዝም አልሁ።»