የጆሊን ድምፅ

በሃቨርሎ አውራጃ አርዲስ ፎስን መንገድ ላይ ቢያያት የማይለያት ሰው ብዙ ነበር፤ ድምጿን የማያውቅ ግን አልነበረም። የእህል ማድረቂያው በእሳት ሲያያዝ፣ አባት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዝም ሲል፣ ሕፃን ኩሬ ውስጥ ሲገባ፣ የድንገተኛ ጥሪውን ስልክ የምታነሳው እሷ ነበረች። "እሺ፣ አለሁልህ፣ የት ነህ?" ትላለች። ከጎኗ ተቀምጬ ዓመታት ስሠራ ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም።

የጥሪ ማዕከላችን ያለው ፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። በላያችን የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ስለሚያንጠባጥብ ኮምፒውተሩን በላስቲክ ሸፍነን፣ ከእግራችን ሥር ባልዲ አስቀምጠን ነው የምንውለው። የሬድዮ ማማው ከማርጀቱ የተነሳ ወንዙን ተሻግሮ ቆላው ውስጥ የገባ አምቡላንስ አይሰማንም፣ አንሰማውም። ይህን የማያውቅ ሹም አልነበረም። ከተማው "የአውራጃው ነው፣ አውራጃው ይክፈል" ይላል። አውራጃው "ግማሹ ጥሪ ከከተማ አይደለም እንዴ የሚመጣው?" ይላል። የአውራጃው ፖሊስ አለቃ፣ ሸሪፉ ሮይስ ሃልቨርሰን፣ ደግሞ ማዕከሉ በእኔ ሥር ካልሆነ ከበጀቴ አምስት ሳንቲም አይወጣም ብሎ ድርቅ አለ። የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞቹ በሸሪፍ ከመታዘዝ ሞታቸውን ይመርጣሉ። በመጨረሻ የጋራ ቦርድ አቋቋሙ፤ እሱም ተሰብስቦ፣ ተጣልቶ፣ ይበተናል። ማዘዝ ሁሉም ይፈልጋል፣ ሲከፈል ግን ማንም የለም።

አርዲስ የማዕከሉ ኃላፊ ከሆነች ጀምሮ በየስብሰባው እየሄደች ትለምናለች። ከአውራጃው ምክር ቤት አባላት መካከል ዴልበርት ክሩገር የሚባል ከብት አርቢ አለ። ቀልደኛ ነው፣ ሰው ይወደዋል።

"አርዲስዬ፣ ስልክ ለማንሳት ይሄ ሁሉ?" ይላታል። "የእኔ ሚስት በነፃ አይደል እንዴ የምታነሳው!"

አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። አርዲስም አብራ ፈገግ ትላለች።

በቆሎ በሚሰበሰብበት ወቅት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አብሯት ተረኛ የነበረው ልጅ ታሞ ቀርቶ፣ እኔም ሌሊቱን ሠርቼ ወጥቼ፣ አርዲስ ብቻዋን ዋለች። የሚተካ ሰው መቅጠሪያ ገንዘብ አልነበረንም። ያን ዕለት አውራ ጎዳናው ላይ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ተጋጩና መስመሩ ሁሉ በአንዴ ጮኸ። ጆሊን ማሬክ ከወንዙ ማዶ የደወለችው በዚያ መሀል ነው። ባሏን ቴሪን ትራክተር ተገልብጦ ተጭኖታል። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ። ሲነሳላት ድምጿ ከጩኸት ብዛት ተዘግቶ ነበር። አርዲስ አምቡላንስ ላከች፤ አምቡላንሱ ቆላው ውስጥ ሲገባ ሬድዮው ጠፋ፣ መታጠፊያውን ስቶ አለፈ፣ ተመለስ የምትልበትም መንገድ አልነበራትም። ከጆሊን ጋር ግን ስልኩን አልዘጋችም። "እጁን ያዢው፤ አናግሪው፤ እኔ አለሁ" እያለች ቴሪ እስኪያልፍ፣ ካለፈም በኋላ፣ አብራት ቆየች።

ቀብሩ ላይ ጆሊን አርዲስን ከሰው መሀል ፈልጋ አቀፈቻት።

"አንቺ ባትኖሪ ብቻዬን ነበርኩ" አለቻት።

ከዚያ ወዲህ አርዲስ እሑድ እሑድ በምድጃ የበሰለ ድንችና ሥጋ ይዛ ወንዙን ትሻገር ጀመር። ጆሊን ብሪን የምትባል ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ነበረቻት። ሦስቱ አብረው ይበላሉ፤ ስለዚያ ቀን አያነሱም።

ቦርዱ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ የወደቀውን ሐሳብ እንደገና አነሳ፦ ከሽያጭ ላይ ትንሽ ግብር ተጨምሮ ለጥሪ ማዕከሉ ይዋል፣ ሕዝቡም ድምፅ ይስጥበት። እንደገና እንደሚወድቅ ግልጽ ነበር። ገንዘቡ ከእሱ በጀት ስለማይወጣ በዚህ የተስማማው ሸሪፍ አርዲስን ጠራት።

"የጆሊን ጥሪ ተቀድቷል አይደል? ሰው ይስማው። ሕጉ አይከለክልም።"

"መጀመሪያ እሷን ልጠይቅ።"

ሄዳ ጠየቀቻት። ጆሊን ሳህን እያጠበች ነበር፤ ዞር እንኳ አላለችም።

"አይሆንም፣ አርዲስ። ስሙን ጥሩ፣ እንዴት እንደሞተ ተናገሩ፣ አልቃወምም። ያን ድምፅ ግን አይሆንም። ብሪን አልሰማችውም፤ እንድትሰማውም አልፈልግም።"

"አይሆንም ካልሽ አይሆንም። በቃ።"

ከምርጫው በፊት ሕዝቡ በትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ተሰበሰበ። አርዲስ ተነስታ ስለ ማማው ተናገረች፣ ስለ ቧንቧው ተናገረች፣ ቴሪ ማሬክንም ጠቀሰች። ዴልበርት ማይክሮፎኑን ተቀበላት።

"ቴሪ ጓደኛዬ ነበር" አለ። በዚህ አልቀለደም። "የገደለው ትራክተር ነው፣ ሬድዮ አይደለም። የሞተን ሰው ኪሳችን እንዲከፈት መጠቀሚያ አታድርጉት።"

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። አርዲስ ከጎኔ ቆማለች፤ ፊቷ ደም መስሏል። ጎንበስ ብላ ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጋር ያያዘችውን ኮምፒውተሯን ከፈተች። ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ የስልኩ ጥሪ ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ከዚያ ጆሊን። ሰው ጭብጨባውን አቋርጦ ደነዘዘ። ቴሪ "ጆ፣ ብርድ ብርድ አለኝ" ሲል ይሰማል። አንዲት ሴት እያለቀሰች ወጣች። አርዲስ እስከ መጨረሻው አላቆመችውም። አይሆንም ተብላ ሳለ ቅጂውን ለምን ይዛ እንደመጣች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ግብሩ በሰፊ ልዩነት አለፈ። ጆሊን በስብሰባው አልነበረችም፤ ግን አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ በማግሥቱ ብሪን ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ሰማችው። የአባቷን መጨረሻ ከማታውቀው ልጅ ስልክ ላይ ሰማች። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልገባም አለች፤ ከዓመት በኋላ ወደ አክስቷ አገር ሄደች፣ እናቷ ጋ እምብዛም አትመጣም።

አዲሱ ማዕከል ተሠራ፤ አዲስ ማማ ተተከለ፤ ተጨማሪ ሁለት ሰው ተቀጠረ። ሪባኑን የቆረጠው ዴልበርት ክሩገር ነው። "እኔ ሁሌም ለሕዝብ ደህንነት የቆምኩ ሰው ነኝ" አለ፣ ቦርዱም ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠው። ከግብሩ የመጀመሪያ ገንዘብ ላይ የሸሪፉ መኪኖች ታደሱ።

ጆሊን በአርዲስ ላይ አቤቱታ ያስገባችው በዚያው ሰሞን ነው። ቦርዱ አርዲስን ጠርቶ አስቀመጣት። ዴልበርት ከወንበሩ ሆኖ "የሕዝብን አመኔታ አጉድለሻል" አላት። ቅጂውን አሰሚ ያላት ሸሪፍ እዚያው ነበር፤ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

"የምትዪው አለሽ?" አላት ዴልበርት።

"የለኝም። ጆሊን እውነቷን ነው" አለች አርዲስ።

አሰናበቷት። ኮቷን እንዳነሳች ተከትያት ወጣሁ።

"አሰሚ ያለሽ ሸሪፉ እንደሆነ ለምን አልነገርሻቸውም?" አልኳት።

"ቁልፉን የተጫነው ማን ነው? እሱ ነው?"

ወደ መኪናዋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አርዲስ እህል መረከቢያው ጋ ተቀጥራ የጭነት መኪና ስትመዝን ቆየች። አንድ ቀን እኔና እሷ ሱቅ ውስጥ ቆመን ሳለ ጆሊን ከፊታችን መጣች። አላለፈችንም፤ ጋሪዋን አቆመች።

"ልንገርሽ" አለች፣ ሳትጮህ። "እኔ ለግብሩ 'ይለፍ' ብዬ ነው ድምፅ የሰጠሁት። ያን ነገር ካደረግሽ በኋላ፣ ልጄ ክፍሏን ዘግታ እያለቀሰች፣ ሄጄ ሰጠሁ። ማዕከሉ ያስፈልግ ነበር። ይገባሻል? አስፈላጊ መሆኑን ካንቺ የበለጠ አውቅ ነበር።"

"ጆሊን..."

"ደግሞ ተናገሪ ብለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ እኔ ራሴ ቆሜ እናገር ነበር። አንቺ የጠየቅሽኝ ድምፁን ነው። ሕንፃው ይባረክላችሁ። አንቺን ግን ይቅር አልልሽም፤ እንዳትጠብቂ።"

"አልጠብቅም" አለች አርዲስ። ድምጿ ያኔም አልተንቀጠቀጠም።

ጆሊን ጋሪዋን ገፍታ ሄደች። አርዲስ የያዘችውን ዳቦ መደርደሪያው ላይ መልሳ ባዶ እጇን ወጣች። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የምትገዛው ሌላ ከተማ ድረስ ነድታ ነው።