ሦስተኛው ፒፓ

ወንድሜን በፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሁሉም «ዳኛው» ነው የሚሉት። ሥራው የፒፓ ትምባሆ መቅመስ ነው፤ ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ አጭሶ ያልፈረመበት አንድም ሣጥን ከበሩ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ፋብሪካም እጄን ይዞ ያስገባኝ እሱ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀርቶኝም «ሚጣ» እያለ የሚጠራኝ እሱው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ስላደረግኩት ነገር ማንም እንዳያዝንልኝ ነው።

ትልቁ ሥራችን «ለስላሳ» የምንለው ድብልቅ ነው። ሁለት እጅ ቨርጂኒያ የሚባለው ቅጠል፣ አንድ እጅ በርሌ የሚባለው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ቨርጂኒያው ቢጫ ነው፣ ጣፋጭነት አለው፣ ሲነድ ፀሐይ የመታው ድርቆሽ ይሸታል፤ ቸኩሎ የሚስበውን ሰው ግን ምላሱን ይለበልበዋል። በርሌው ቡናማና ደረቅ ነው፤ ሽታው የተቆላ ለውዝ ነው፣ ረጋ ብሎ ይነዳል፣ ጉሮሮ ላይ ጠንከር ይላል። ሁለቱ በልካቸው ሲገናኙ አንድ ሰው ከሰዓቱን ሙሉ ቢያጨስ አፉን አይመረውም። ያንን ልክ የሚያውቀው ወንድሜ ነበር።

ለዚህ ሥራ ሲል ያልተወው ነገር የለም። ሽንኩርት አይበላም፣ ሽቶ አይቀባም፣ ጠዋት ጠዋት ደረቅ ዳቦ በውሃ ብቻ በልቶ ይመጣል። ሚስቱ ጥላው የሄደችው በሌላ ምክንያት ነው ይላል። እኔ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሽንኩርት የሌለበት ምግብ ስትሠራ የኖረች ሴት ብትሄድ አልፈርድባትም። የአሻጊዎቹን ክፍል ሲያልፍ ማን በምን ሳሙና እንደታጠበች ይነግራቸው ነበር፤ እነሱም ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ይሳሳቁ ነበር። በዚያ አፍንጫው ይኮራ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ከልክ በላይ ይኮራ ነበር። ከዚያ ወንበር ላይ ቢነሳ ምን እንደሚሆን ሳስብ ባዶ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ከአሥራ ሦስት ወር በፊት ክፉ ጉንፋን ጣለው። በሳምንቱ ተነስቶ ሥራ ገባ፣ እኛም ተማረልን ብለን ተደሰትን። በሦስተኛው ቀን መካኒኩ የመክተፊያውን ማሽን ሲያጸዳ ቆይቶ በቤንዚን የራሰ ጨርቁን ወንድሜ ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ሄደ። ወንድሜ ጨርቁን አነሳና ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ጠረገበት። ቤንዚኑ እኔ እስካለሁበት ድረስ ሸተተኝ። እሱ ግን ፒፓውን አፉ ላይ ሰክቶ ክብሪት አወጣ።

ከቅጠል መምረጫው ጠረጴዛ እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም። ክብሪቱን ከእጁ መታሁት።

«አብደሻል እንዴ አንቺ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ እጅህ እኮ ቤንዚን ነው።»

እጁን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሳበ። እንደገና ሳበ። ከዚያ ፊቱ እንዴት እንደሆነ ብናገር እሱን ማዋረድ ይሆንብኛል። አንጀቴን በላው። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ፤ በሕይወቱ ለምኖኝ አያውቅም ነበር።

አልተናገርኩም። ይልቅስ አፍንጫ ሆንኩለት። ከመደባለቂያው ክፍል የሚመጣው ትሪ ወደ እሱ ከመድረሱ በፊት በእኔ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፤ የእኔ ሥራ ቅጠሉ መሀል የቀረ ጅማት ካለ መልቀም ነው። ጎንበስ ብዬ አሸተዋለሁ። ደህና ከሆነ ትሪው ጠርዝ ላይ አንድ ጅማት እተዋለሁ፣ የተበላሸ ነገር ካለው ሁለት። ከዚያ እሱ ፒፓውን ሞልቶ ይለኩሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሥራ አስኪያጁ ቆሞ እያየው ስለ ድርቆሽና ስለ ለውዝ ሩብ ሰዓት ያወራል። ያን ሁሉ ንግግር ከአንዲት ጅማት ያወጣው ነበር። አንዳንዴ ሳቄን ለማፈን ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ እል ነበር።

ነገር ግን ሁልጊዜ ሳቅ አልነበረም። ሳሸት ሳሸት የማላውቀውን ነገር ማወቅ ጀመርኩ። በርሌው ያላረፈ እንደሆነ፣ ቨርጂኒያው እርጥብ ወለል ላይ አድሮ እንደሆነ፣ ከጆንያው ይሁን ከቅጠሉ፣ ለየሁት። ስለየው ደግሞ ምስጋናው ለእሱ ሄደ። ከፋኝ አልልም። ትንሽ ከፋኝ።

አንድ ቀን ጥርሴን አመመኝና ላስነቅል ቀረሁ። ያን ቀን ወንድሜ ብቻውን ፈረመ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሃያ ሣጥን ለስላሳ ተመልሶ መጣ፤ ክዳኑ ሲከፈት ሻጋታው አፍንጫ ይሰነጥቅ ነበር። ትልቋ ደንበኛችን፣ ሁላችንም «ገዢዋ» የምንላት ሴት፣ ከቀማሹ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት እፈልጋለሁ አለች። ሐሙስ ጠዋት ትመጣለች ተባለ። ሦስት ፒፓ፣ ሦስት ድብልቅ፤ የትኛው ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዳኛው ካወቀ ይቀጥላል፣ ካላወቀ ፋብሪካው ሌላ ቀማሽ ይፈልጋል።

«ትሪ የለ፣ ጅማት የለ» አልኩት ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ። «በምን ልታውቅ ነው?»

«ምላስ አለኝ» አለኝ። «የሚለበልበኝን፣ የሚጣፍጠኝን፣ ጉሮሮዬን የሚይዘኝን አላጣሁም። ፒፓው በእጄ ሲግል አውቀዋለሁ። ንጹሕ ድብልቅ ከሆነ አይጠፋኝም፣ ሚጣ።»

«ንጹሕ ካልሆነስ?»

ዳቦውን ማኘኩን ቀጠለ።

ፒፓዎቹን እንዳጸዳ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ቫኒላ የሚረጭበት ሌላ ድብልቅም እንሠራለን። ያ ድብልቅ አንዴ የተጨሰበት ፒፓ እንጨቱ ውስጥ ሽታውን ይይዛል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ቢያሸቱት ምንም የለውም፣ ሲግል ግን ቫኒላው ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ የቫኒላዎቹ ፒፓዎች አንገት ላይ ቀይ ክር ይታሰራል፣ ከሌሎቹም ጋር አይቀላቀሉም። እኔ እንዲያምሩ ብዬ ሁሉንም ከመደርደሪያው አወረድኳቸው፣ ክሩንም ፈትቼ አሳምሬ ወለወልኳቸው። መልሼ ሳስር አንዱ ያለ ክር ቀረ። ያንን ያወቅኩት ግን በማግስቱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የሥራ አስኪያጁ ክፍል ውስጥ አራት ነበርን። ገዢዋ ሸበቶ፣ ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ክር ከሌላቸው ፒፓዎች ሦስቱን አንስታ በገዛ እጇ ሞላችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ክብሪትና የአመድ መድፊያ ይዤ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ገና ከመጀመራቸው ዞራ አየችኝና «አንቺ ከኋላው ቁሚ» አለችኝ። ከኋላው ሄጄ ቆምኩ፤ ወንድሜ ከዚያ በኋላ ፊቴን ማየት አልቻለም።

የመጀመሪያውን ፒፓ ለኮሰ። ላዩ ነደደና ጠፋ፣ በመጠቅጠቂያው ብረት ቀስ አድርጎ ጠቀጠቀው፣ ሁለተኛ ለኮሰው። እንደ ልማዱ ነው። አምስት ጊዜ ሳበ።

«ቨርጂኒያው በዝቷል» አለ። «ምላስ ጫፍ ላይ ይለበልባል፣ ፒፓውም ቶሎ ጋለ። ከአራት እጅ ሦስቱ ቨርጂኒያ ነው።»

ገዢዋ ከወረቀቷ ቀና አላለችም። «ቀጣዩን» አለች።

ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየ። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ይከፍትና ይዘጋ ነበር፤ ቀጭ፣ ቀጭ። «ይሄ በርሌ ብቻ ነው» አለ ወንድሜ በመጨረሻ። «ጣፋጭነት የለውም። ጉሮሮ ይይዛል፣ አፍ ያደርቃል።»

ገዢዋ አሁን ቀና አለች። በፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አየሁ። እኔም በልቤ አለፈ አልኩ።

ሦስተኛውን አነሳ። ለኮሰ፣ ጠቀጠቀ፣ መልሶ ለኮሰ። ሁለቴ ሳበ። በሦስተኛው ፒፓው ጋለ፣ ያኔ ቫኒላው መጣ። መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለሥራ አስኪያጁ፤ የብዕሩ ቀጭ ቀጭ ቆመ። ከዚያ ክፍሉን ሞላው። ኬክ ቤት የገባን መሰለ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ይስባል።

ክሩ ትዝ አለኝ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፣ ገዢዋ ግን እያየችኝ ነበርና መልሼ ዘጋሁት። ልሳል አልኩ፤ ሳል ምን ይነግረዋል? በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ ስለ ሳል አልተስማማንም ነበር።

«ይሄ የኛው ለስላሳ ነው» አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ያልፍ ነበር፣ ምክንያቱም ልክ ነው፣ የእኛው ለስላሳ ነበር። እሱ ግን ማውራት ይወዳል። «እንዴት ያለ ንጹሕ ነው። ከፊት ድርቆሽ፣ ከኋላ ለውዝ፣ መሀሉ ላይ ምንም የለም። ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ንጹሕ አልገጠመኝም።»

«ምንም?» አለች ገዢዋ።

«ምንም፣ እመቤቴ።»

ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ። ወንድሜ የመስኮቱን ድምፅ ሰምቶ ዓይኑን ገለጠ። ሥራ አስኪያጁን አየ፣ ገዢዋን አየ። ከዚያ በወንበሩ ላይ ዞረና በሰው ፊት ጠየቀኝ።

«ሚጣ?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። «ቫኒላ ነው ጋሼ» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ክሩን ሳላስር ቀርቼ ነው።»

ፒፓውን የአመድ መድፊያው ላይ አስተኛው። ገዢዋ ድምፅዋን ሳታነሳ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«አሥራ ሦስት ወር ሆነኝ» አለ። አልዋሸም፣ አልተቅለሰለሰም። በዚያ ቅጽበት ከምንጊዜውም በላይ ኮራሁበት።

«በአሥራ ሦስት ወር የተመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቀረውን ማን አሸተተልዎት?»

ወንድሜን ቢገድሉት አይናገርም ነበር። ሴትዮዋ ግን ነገሩ ገብቷታል፤ ወደ እኔ ዞረች። «ያ የሻገተው ያለፈበት ቀን አንቺ የት ነበርሽ?»

«ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ ነበር።»

ከቦርሳዋ ትንሽ ቆርቆሮ አወጣችና ከውስጡ ቆንጠር አድርጋ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። አሸተትኩት። ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። «በርሌው የዘንድሮ ነው፣ አላረፈም» አልኩ። «ደግሞ ሳሙና አጠገብ ተቀምጧል።» ሴትዮዋ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ሳሙና አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ ወደ ሥራ አስኪያጁም ዞራ «በዚህ ወንበር እሷ ትቀመጥበት፣ እኔም መግዛቴን እቀጥላለሁ» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትችያለሽ?» አለኝ። «የወንድምሽን ቦታ ትይዣለሽ?»

እንቢ ማለት ይቻል ነበር። አብረን እንሥራ፣ እሱ በምላሱ እኔ በአፍንጫዬ፣ ማለትም ይቻል ነበር፤ ይህን ከዚያ ወዲህ ስንት ቀን አሰብኩት። የዚያን ጊዜ ግን አንዱም ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

«እሺ» አልኩ። ወንድሜን ያየሁት እሺ ካልኩ በኋላ ነው።

ተነሳ። ሽርጡን ፈታና አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አደረገው፣ ወንበሩንም ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ገዢዋ ያው ለስላሳ በንጹሕ ፒፓ እንዲጨስላት ፈለገች። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ትምባሆ አጭሼ አላውቅም። ወንድሜ ሌላ ፒፓ አንስቶ አንገቱንም ውስጡንም መረመረ፣ ታቹን ላላ፣ ላዩን ጠበቅ አድርጎ ሞላና እጄ ላይ አኖረልኝ። ክብሪቱን እሱ ጫረ።

«ቀስ ብለሽ ሳቢ» አለኝ ከኋላዬ ቆሞ። «ወደ ውስጥ አታስገቢው። አፍሽ ውስጥ ያዥና ልቀቂው። አትቸኩዪ ሚጣዬ፣ ምላስሽን ያቃጥልሻል።»

እንዳለኝ አደረግኩ። ጣፈጠኝ። ከኋላዬ ሆኖ ፊቴን ባለማየቱ እግዜርን አመሰገንኩ።