በሁዳዴ ረፋድ የተቆረጠመ ቆሎ

ታናሽ ወንድሜ ሲጋራውን እንዲተው የመረጥሁለት ዕለት የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር። የሆድ ፈቃድ ሲታሰር የአፍም ፈቃድ አብሮ ይታሰራል ብዬ ነው።

ጉዳዩ ያስቸኩል ነበር። ወንድሜ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰማ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ሲጋራ ግን ከእጁ አይለይም። ካዛንቺስ በእኅታችን ጓሮ ባለች ክፍል ያድር ነበር። በዚያ ሰሞን ሲጋራ እንደ ያዘ እንቅልፍ ወስዶት ፍራሹን አቃጠለ።

«ጋሼ፣ እወደዋለሁ፤ ልጆቼን ግን በእሳት አላስበላም። ደግሞ ጢስ ከሸተተኝ ሌላ ቤት ይፈለግለት» አለችኝ እኅታችን።

ሌላ ቤት አልነበረም። እኔ ቂርቆስ ሰፈር ከደቀ መዛሙርቴ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል አድር ነበር።

የሚከታተለው ነርስ ሐሳቡን ወደደው። «መድኃኒቱን ግን እንዳያስቆሙት። ሲጋራው ሲቀር መድኃኒቱ ሊከብደው ስለሚችል ቶሎ ቶሎ ያምጡልን» አለኝ።

በጾሙ መግቢያ ማግሥት ረፋድ ላይ ወንድሜ መቀመጥ አቃተው። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ። ይዤው ወደ ላንቻ በእግር ወጣን። በየጎኑ ቤት ይፈርሳልና አቧራው ያፍናል፤ የታክሲው ወያላ «ቡልጋሪያ! ቡልጋሪያ!» ይላል፤ ሲጋራና ማስቲካ ደርድሮ የሚዞረው ሻጭ እኛኑ የሚከተል መሰለኝ። አምሮቱ ሲነሣበት ዳዊት አብረን ልንደግም ተስማምተን ነበር፤ በልጅነቱ ያስጠናሁት እኔው ነኝ። የመጀመሪያውን መዝሙር ጀመርሁ።

«ተወው ጋሼ» አለኝ።

«ስለ ምን?»

«እነሱም፣ ድምፆቹ፣ ያውቁታል። እየቀደሙኝ ይሉታል።»

መዝሙሩን አቋረጥሁ። ከዚያ ሌላ መሣሪያ አልነበረኝም።

«አንድ ፍሬ ብቻ፣ ጋሼ። በቃ፣ አንድ» አለ።

እጁም አፉም ሥራ ቢያገኙ ብዬ ከመንገድ ዳር ከምትሸጥ ሴት የገብስ ቆሎ ገዛሁለት። ፊቱን አዞረ።

«መርዝ አለው።»

«አሁን በፊትህ የሰፈረችው ነው፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያ አንተ ቅደም።»

«ጾም ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

ሳቀብኝ። «ለእኔ ይበላል፣ ላንተ አይበላም። መርዝ ማለት ይኸው ነው!»

ዳዊት ከደገምሁ ጀምሮ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሼ አላውቅም። ጥምጣሜን እንደ ጠመጠምሁ፣ ደቀ መዛሙርቴ በሚያልፉበት ጎዳና ላይ ቆሜአለሁ። ሲጋራ ሻጩ ቀረበ። ወንድሜ ወደ እርሱ አንድ እርምጃ ተራመደ። እኔም ቆሎውን ዘግኜ ቆረጠምሁ።

«ውይ! የኔታ፣ በሁዳዴ?» አለች ሴቲቱ አፏን ይዛ።

ወንድሜ መለስ ብሎ መንጋጋዬን አተኩሮ ተመለከተ፤ እስክውጥ ጠበቀ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ሻጩ አለፈን።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። «ሕመምተኛው ይፈቀድለታል፤ እርስዎ ግን ጤነኛ ነዎት» ብለው ቀኖና ሰጡኝ። ተቀበልሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ከእኅቴ ደጅ ደረስሁ። ሌሊቱን ጢስ እንዳልሸተታት ነገረችኝ። ወንድሜ በጓሮው በር እየተንቆራጠጠ ይጠብቀኝ ነበር። በጋቢዬ ጫፍ የቋጠርሁትን ቆሎ ፈታሁለት።

«ቅደም» አለኝ።