ባንኮው ይዙር

ግራኙ አናጺ በሰው ባንኮ ላይ ሠላሳ ዓመት ሲልግና ሲቆርጥ ኖሮ፣ የራሱን የእንጨት መሥሪያ ባንኮ ሊገጥም የተነሳው በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። እስካሁን የት ነበርክ የሚለው ካለ፣ መልሱ አጭር ነው፤ ሰው ያስለመዱትን ይለምዳል።

ገና በወጣትነቱ እንጨት ሥራ ቤት በተቀጠረ በመጀመሪያው ቀን መላጊያውን በግራ እጁ ሲያነሳ ፎርማኑ አየው። "ዙር!" አለው። ባንኮዎቹ ሁሉ ለቀኝ እጅ የተሠሩ ናቸው፤ እንጨቱን የሚነክሰው ሞርሳ በግራ ጫፍ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚልገው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እሱም መላጊያውን ወደ ቀኝ እጁ አዛውሮ ዞረ። ከዚያ ወዲያ በሦስት ሥራ ቤቶች፣ በሦስት ፎርማኖች ፊት እንደዞረ ኖረ። ሥራው አይነቀፍም፤ ትከሻው ግን እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ጀመር። አምና ሐኪሙ፣ "ወይ ሥራውን ተው፣ ወይ አሠራርህን ቀይር" ብሎ ቁርጡን ነገረው። ሌላ ሙያ የለውም። ስለዚህ ሞርሳው በቀኝ ጫፍ የሚሆን ባንኮ ለራሱ ሊሠራ ቆረጠ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ደረቅ እንጨት ሲያጣ የእናቷን ቁም ሣጥን ሰጠችው።

"አደራህን፤ ብታበላሸው ሌላ እናት የለኝም" አለችው።

ቁም ሣጥኑን ፈታታው፤ ከእንጨቱም የባንኮውን እግርና ማገር፣ እርስ በርስ የሚሰካኩትን ሴቴና ወንዴ አወጣ። ንጹሑን ጣውላ ለፊት፣ የቁልፍ ቀዳዳ ያለበትን ደግሞ ሰው እንዳያየው በግድግዳው በኩል እንዲሆን መደበ። ሞርሳው የሚታሰርበትንም ቀዳዳ በቀኙ ጎን፣ ከፊት እስከ ኋላ አሳልፎ በሳ። ያለ ኮላ ሁለት ጊዜ ገጥሞ አየው፤ ልክ ነው።

እሑድ ጠዋት ኮላውን ቀባ። ኮላ ደግሞ ከተቀባ በኋላ ሰው አይጠብቅም፤ ሩብ ሰዓት ቢሰጥ ነው። ግራኙም ጥድፊያ ውስጥ ገባ። ያሉት ማጥበቂያዎች ሁለት ብቻ ስለሆኑ የቀረውን በገመድ አስሮ በዱላ ጠመዘዘው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? ላቡን ጠርጎ ፈንጠር ብሎ ሲያየው ክው አለ። ግራ የገባው ሰው ብዙ አይተናል፤ እሱ ግን ግራው ራሱ ገብቶበት ቁጭ ብሏል። ሁለቱን ጎኖች አቀያይሮ ገጥሞ፣ የሞርሳው ቀዳዳ በግራ ጫፍ ሆኗል። ጭንቅላቱ ያሰበውን፣ ሠላሳ ዓመት የለመደው እጁ ሻረው።

ሚስቱ በአፏ መርፌ ይዛ ብቅ ስትል መዶሻ ጨብጦ ቆሟል።

"ምነው? ሬሳ ያየህ መሰልክ።"

"ባንኮውን ለፎርማኑ ሠራሁለት።"

ነገሩ ወዲያው ገባት። መርፌውን ከአፏ አውጥታ ቀሚሷ ላይ ሰካች።

"አይላቀቅም?"

"ኮላው ይዟል እኮ! ብመታው ይሰነጠቃል። ብተወው ደግሞ ይኸው ትከሻዬ።" ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ለእንጨት ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

ባንኮውን ከዚህም ከዚያም ጎንበስ ብላ አየችው።

"እኔ እጅጌ ስቆርጥ ሁለቱም ግራ ሲሆኑብኝ ምን የማደርግ ይመስልሃል? ጨርቁን ገልበጥ ማድረግ ነው! ቀኝ ይሆናል። እስቲ ከወዲያ በኩል እየው።"

"ከወዲያ በኩልማ..." አለና ፈዘዘ። ከወዲያ በኩል ቀዳዳው በቀኝ ነው። "ግን እኮ የቁልፉ ቀዳዳ ፊት ለፊት ሊታይ ነው።"

"የእናቴ ቁልፍ ቀዳዳ ምን አጠፋ?"

"እሺ፣ እኔስ በየት አልፌ ልዙር?" በባንኮውና በግድግዳው መሀል ድመት እንኳ አያልፍም።

"ደግሞ ልዙር ይለኛል! ሠላሳ ዓመት አንተ ዞርክ፤ ዛሬ እሱ ይዙር!"

ግራኙ መዶሻውን አስቀምጦ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ፤ ሳቁ እንባውን ቀድሞ መጣ።

በማግስቱ ኮላው ሲደርቅ ገመዱን ፈቱና አንድ አንድ ጫፍ ይዘው ባንኮውን አዞሩት። "ቀስ! ጣትሽን!" "አንተ የራስህን ጠብቅ!" እየተባባሉ ከግድግዳው አስጠጉት። ሞርሳውን አሰረ። የቁልፉ ቀዳዳ ለእርሳስ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ እርሳሱን እዚያ ሰካው።

ከዚያ ቁራጭ ጣውላ አስነክሶ መላጊያውን በግራ እጁ አነሳ። ሳያስበው በሩን ገልመጥ አደረገ። "ዙር" የሚል ሰው አልነበረም፤ ሚስቱ ብቻ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች።

"ምን ትጠብቃለህ? ላግ እንጂ!"

ላገ። ረጅም ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ እግሩ ሥር ወደቀ። ትከሻው ሲንቋቋ ለመስማት ቆም አለ፤ ምንም አልተሰማም።